ሃምሳ ሰከንድ የፈጀችው ዝምታዬ

እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ወራት በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሜሪላንድ ግዛት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ ሦስት ካርታ በእጄ እንደያዝሁ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ዝም አልሁ። ከዚያም ከሳጥኑ ውስጥ «አልፋለሁ» የምትለዋን አረንጓዴ የ«ፓስ» ካርድ መዝዤ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። ይሁን እንጂ ያች ዝምታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያስከተለችው ነገር ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሲያብሰለስለኝ ኖሯል።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት የጨዋታ አጋሬ የ81 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ እሳቸውንም ቤታቸው ውስጥ አብሬያቸው እየኖርሁ እንከባከባቸው ነበር። ስማቸውን እዚህ አላነሣም። በእንግሊዝኛ በስማቸው ብጠራቸውም በልቤ ግን ሁልጊዜ «እማማ» ነበሩና እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

እማማ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማሩት በ1950ዎቹ በኮሌጅ ማደሪያ ውስጥ ሳሉ ነው። ወደዚያ ክለብ ከባለቤታቸው ጋር የገቡት ደግሞ በ1968 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ለሌላ ጉዳይ ተሰጥተው አያውቁም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲቆረጥላቸው የሚጠይቁት ስለ ሕመሙ ሳይሆን ዕለቱ ምን እንደሚውል ነበር። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጦ ካርታ ዘርግተው መያዝ ሲሳናቸው፣ ባለቤታቸው ከዋንዛ መልክ ካለው ቡናማ እንጨት አንድ ክንድ የማይሞላ ማቆሚያ ሠርተውላቸዋል። በላዩ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ጎድጓዳ መስመር ተቦርቡሮበታል፤ ካርታዎቹ እዚያ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብዙ ዓመት ከመዳሰሱ የተነሣ የቀኝ ጠርዙ ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። ከቤት ስንወጣ መድኃኒታቸውን የማስታውሰው እኔ ነኝ፤ ማቆሚያውን ግን አስታውሼያቸው አላውቅም።

ከትከሻቸው ጀርባ

ሥራውን በ2011 ስጀምር ካርታና ቁማር ለእኔ አንድ ነበሩ። ደሴ ባደግሁበት ቤት እናቴ ካርታ ስታይ ፊቷ ይጠቁር ነበር፤ አጎቶቼ ለበዓል ሲሰበሰቡ እንኳ የሚጫወቱት እሷ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው ነው። ስለዚህ እማማን በመኪና አድርሼ ጨዋታው እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ያህል ውጭ እጠብቅ ነበር። ብርዱ ሲበረታ ግን «ግቢና ከኋላዬ ተቀመጪ» አሉኝ።

ገንዘብ አልተያዘም። ተጫዋቹ ለአዳራሹ ጥቂት ዶላር ይከፍላል፤ ያሸነፈ ሰው የሚያገኘውም በ1937 የተቋቋመው የአሜሪካ ኮንትራክት ብሪጅ ሊግ በስሙ የሚመዘግብለትን ማስተርፖይንት የሚባል ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ባስረዳት ጊዜ «ታዲያ ስለ ምን ብለው ነው የሚጫወቱት?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

በብሪጅ ሕግ ተመልካች ያለ ፈቃድ ከአንድ ተጫዋች በላይ እጅ ማየት አይችልም፤ ባየውም ነገር ፊቱ ላይ ምንም ስሜት ማሳየት የለበትም። እማማ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ይህንን ነው። አስና ንጉሥ ተደራርቦ ሲመጣላቸው ፈገግ ብል፣ አስፈላጊውን ካርታ ሲጥሉ ቅንድቤ ቢነሣ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ጨዋታውን ከማወቄ በፊት ፊቴን መያዝ ተማርሁ። ሁለት ዓመት ገደማ ከትከሻቸው ጀርባ እንደዚያ ተቀመጥሁ።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊትህ ያለው አጋርህ ነው። 52ቱ ካርታ ለአራት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። አንድ ሰው ሊደርሰው የሚችለው የተለያየ እጅ ብዛት 635,013,559,600 ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተጫወተ ሰው እንኳ ከዚህ የሚያየው እፍኝ አይሞላም። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ጨረታ አለ፤ የትኛው የካርታ ዓይነት ገዢ እንደሚሆንና ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንደምትወስድ ቃል የምትገባበት ነው፤ ያ ቃል ውል ይባላል። በጨረታው ላይ የሚፈቀዱት ጥሪዎች 38 ብቻ ናቸው። አጋርህ የያዘውን የምታውቀው በእነዚህ 38 ቃላት እንጂ በሌላ አይደለም፤ ጥሪውም በአፍ ሳይሆን ከሳጥን በሚመዘዝ ካርድ ነው፤ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በኋላም ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚህ በላይ ያስገረመኝ ደግሞ የሚስጥር ቋንቋ አለመፈቀዱ ነው። እኔና እማማ ለአንድ ጥሪ የተለየ ትርጉም ከሰጠነው ተጋጣሚዎቻችን ያንን ትርጉም ጠይቀው የማወቅ መብት አላቸው።

ክለቦች የሚጫወቱት ዱፕሊኬት በሚባለው ሥርዓት ነው። አንድ ጠረጴዛ የተጫወተው እጅ ቦርድ በሚባል ጠፍጣፋ ሳጥን ተይዞ ሳይበረዝ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የምትወዳደረው ያንኑ ካርታ ከያዙ ሌሎች ሰዎች ጋር ነው። ዕድሌ ጠመመ የሚባል ሰበብ በአብዛኛው እዚያ ያበቃል።

የእማማ ባለቤት በ2009 አርፈዋል። ከእሳቸው በኋላ ከአንዲት ሴት ጋር ይጫወቱ ነበር፤ እሷም በ2013 ልጆቿን ተከትላ ወደ ፍሎሪዳ ሄደች። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው ብሪጅ አጋር ለሌለው ሰው ወንበር የለውም። ሁለት ማክሰኞ ቤት ዋሉ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ማቆሚያውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳይ አንጀቴን በላኝና፣ ራሴ «እኔ ልሞክር» አልሁ። የተናገርሁት ለሥራዬ ስል እንዳልነበረ ሳይረዱት አልቀሩም። አንድ ዓመት ሙሉ በየማታው ከራት በኋላ አንድ ሰዓት አስተማሩኝ። አንድም ቀን በጠረጴዛ ላይ አርመውኝ አያውቁም፤ የተሳሳትሁትን የሚነግሩኝ ቤት ገብተን፣ ሻይ ቀርቦ፣ ከጠየቅኋቸው ብቻ ነው። ጾም መሆኑን ባወቁ ጊዜ ደግሞ አባላቱ ከሚያመጡት ኬክ አጠገብ ለእኔ ብርቱካን ልጠው ይዘው ይመጡ ነበር።

ያች እጅ

እማማ ከፍተው «1 ልብ» አሉ። በግራቸው የተቀመጠው ሰው ቀዩን የ«ስቶፕ» ካርድ አስቀድሞ አኖረና በአንድ ዝላይ «4 ስፔድ» አለ፤ ስፔድ ገዢ ሆኖ 10 ዙር እወስዳለሁ ማለቱ ነው። የስቶፕ ካርዱ ያን ጊዜ ትርጉም ነበረው። ተጋጣሚ በጨረታው ከፍ አድርጎ ሲዘል ቀጣዩ ሰው የሚያስበው ነገር ቢኖረውም ባይኖረውም አሥር ሰከንድ ያህል መቆየት አለበት። ሁሉም እኩል ከቆየ የማንም መቆየት ለአጋሩ ወሬ አያደርስም። ቀጣይዋ ሰው እኔ ነበርሁ።

በእጄ ሦስት ልብ ከነንግሥቲቱ፣ የዳይመንድ አስና ጃክ፣ የአበባ አስ፣ ሁለት ተራ ስፔድ አለ። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 እየተባለ ሲቆጠር 11 ነጥብ ነው። 5 ልብ ብል ከፍታው ያስፈራኛል። ነጥቡን በሚያበዛው «ደብል» በሚባለው ጥሪ ብቀጣቸውና ውላቸውን ቢሞሉት ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ባልፍ እማማ ምንም እንደሌለኝ ይቆጥራሉ። አሥሩ ሰከንድ አለፈ፤ ሃያው፣ ሠላሳው አለፈ። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ ነበር፤ ለሁለት ዓመት የተለማመድሁት ነውና። ጊዜውን ግን አልያዝሁትም። በመጨረሻ ፓስ አልሁ። በቀኜ... አይደለም፣ በግራዬ ያለችው ሴትም ፓስ አለች፤ ተራው ወደ እማማ ዞረ።

በእንጨቱ ማቆሚያ ላይ የቆሙትን ካርታዎች በኋላ አይቻቸዋለሁ። አስ፣ ንጉሥና ጃክ ያሉበት ስድስት ልብ፤ ንጉሥና ንግሥት ያሉበት አራት ዳይመንድ፤ ሁለት ተራ አበባ፤ አንዲት ስፔድ። እማማ አንድ ጊዜ ካርታዎቹን አዩ። ከዚያም ያበጠ አመልካች ጣታቸው ሳጥኑ ላይ ለቅጽበት አረፈ፤ ቀጥሎ አረንጓዴዋን ካርድ አወጣ። ጨረታው አለቀ።

ተጋጣሚያችን ቃል የገባውን 10 ዙር በትክክል ወሰደ፤ ለእኛ 420 ቅናሽ ተጻፈ። ካርታዎቹን ገልጠን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ስድስቱ ልብ፣ አራቱ ዳይመንድና የእኔ የአበባ አስ አንድ ላይ 11 ዙር ናቸው፤ የምንከስረው አንድ ስፔድና አንድ አበባ ብቻ ነበር። 5 ልብ ብለን ቢሆን ውሉ ይሞላ ነበር፤ 450 ለእኛ። አብዛኞቹ ጠረጴዛዎች ላይ የእኛን ካርታ የያዙት እንደዚያው አድርገዋል። በዚያ ቦርድ ከመጨረሻ ተርታ ወደቅን። ተጋጣሚዎቻችን ለክለቡ አዲስ ነበሩ፤ እማማ 5 ልብ ቢሉ ኖሮ ጨዋታውን የሚዳኘውን ዳይሬክተር ጠርተው የሚከሱን ሰዎች አልነበሩም።

በኮልስቪል መንገድ ላይ መኪናው ሲጨናነቅ ጠየቅኋቸው። «ስድስት ልብና አንዲት ስፔድ ብቻ ይዘው እንዴት ያልፋሉ?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ስላሰብሽ ነው» አሉ። «ባዶ እጅ የያዘ ሰው ያን ያህል አያስብም። ፓስ የሚለው ካርድሽ የሚነግረኝ ሌላ፣ መቆየትሽ የነገረኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለእኔ የተላከ አይደለም።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«ማሰብ ጥፋት አይደለም። አስቢ፤ መብትሽ ነው። ካሰብሽ በኋላ ግን ሸክሙ ወደ እኔ ይዞራል። በእጄ ሁለት መንገድ ነበር፤ ዝምታሽ ወደ አንደኛው ስለ ጠቆመኝ ሌላኛውን መያዝ ነበረብኝ።»

ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይላል፤ በኋላ ራሴ አንብቤዋለሁ። አጋርህ በመዘግየቱ፣ በድምፁ ወይም በአያያዙ አንድ ነገር ካሳወቀህና ሁለት የሚያስኬዱ ምርጫዎች ካሉህ፣ ያ ነገር ወደሚጠቁምህ ምርጫ መሄድ ተከልክሏል። ያን ዕለት ግን ሕጉ አልነበረም የታየኝ። ተቆጥቼ ነበር። የሰማሁትን ያልሰማሁ ላድርግ ማለት ለራስ ክብር ሲባል የሚደረግ ግብዝነት ነው፣ አጋርንም በዝምታ መቅጣት ነው የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። አልተናገርሁትም። ሐሳቡ ግን ቤት ድረስ አብሮኝ ገባ፤ ከዚያም አልወጣም።

ጥቅሻ ባደግሁበት ቤት

ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት ራሴን የጠየቅሁት ስለ እማማ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሴም ነው። አጎቶቼ ሁለት ሁለት ሆነው ሲቧደኑ ግማሹ ጨዋታ በዓይን ነበር። አንዱ ጆሮውን ሲያክ፣ ሌላው ብርጭቆውን ሲያዞር፣ አጋሩ ገብቶት ይስቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጥቅሻውን ያልያዘ ተጫዋች የሚያሳዝን ሳይሆን ሞኝ ነው። ከዚያም አልፎ ያደግሁበት ቋንቋ ራሱ ሰምና ወርቅን የሚያከብር፣ የተባለውን ትቶ ያልተባለውን የሚሰማ ጆሮ እንደ ብልህ የሚቆጠርበት ነው። ሥራዬም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። እማማ «ደህና ነኝ» ሲሉ ከንፈራቸው መድረቁን የማየው፣ ከደረጃው ላይ የእግራቸው ድምፅ አንድ ጊዜ ሲጎተት ጉልበታቸው እንዳመማቸው የማውቀው እኔ ነኝ። የምከፈለው ሳይነገረኝ በማወቄ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ግን፣ ያችው ሴት፣ ያንኑ ፊት ለሦስት ሰዓት እያየሁ፣ የማየውን ሁሉ እንዳላየሁ እንድሆን ይጠየቅብኝ ነበር።

መግቢያ ያገኘሁለት አያቴን ባስታወስሁ ጊዜ ነው። አያቴ የኖረችበት ግቢ ቤቶቹ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ነበሩ። ሌሊት ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። እኔ ልጅ ነበርሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ፣ ጎትታ አልጋ ላይ ታስተኛኝና ጋቢውን በጆሮዬ ላይ ትስብብኝ ነበር። ጠዋት ያችው ጎረቤት ለቡና ስትመጣ አያቴ እንደ ወትሮው «እንደምን አደርሽ» ትላታለች፤ በድምፅዋ ላይ ምንም የለም። ሴትየዋ ራሷ ጀምራ ካልነገረቻት በቀር አያቴ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ «ሆደ ሰፊ» ይላት ነበር። ያን ጊዜ ትዕግሥተኛ ለማለት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። መብት የሌላትን ወሬ ይዛ ማንንም ሳትዳኝበት የምታስቀምጥበት ቦታ ነበራት።

በ2015 የኖርዌዩ ተጫዋች ቦዬ ብሮገላንድ በዓለም ደረጃ የሚጫወቱ ጥንዶችን ያታልላሉ ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካኩ ታይተው፣ ከዚያ በኋላ አጋሮች እንዳይተያዩ ከሚጋርደው መጋረጃ በተጨማሪ ከጠረጴዛው በታችም እግር የሚለይ መከለያ ተደርጓል። እማማ የ2015ቱን ዜና በየጠዋቱ ቁርስ ሳይበሉ ያነቡ ነበር። የቆሙበት አንድ ነገር ነው፤ ብሮገላንድ ከከሰሳቸው ጥንዶች ጋር በአንድ ቡድን ሆኖ ያገኛቸውን ማዕረጎች እንደሚተው ማስታወቁ። ያንን ገጽ ለእኔ ጮክ ብለው አነበቡልኝና መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ የነበረው «ግብዝነት» የሚለው ቃል ቀለለ። ጨርሶ ግን አልጠፋም።

በተዘጋ በር በሁለት ወገን

በመጋቢት 2020 ክለቡ በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጋ። እማማ 87 ዓመታቸው ነበርና በሩን እንኳ አንከፍትም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክለቦች ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ጨዋታ ጀመሩ፤ እማማ ታብሌት መጠቀም የተማሩት በዚያ ሳምንት ነው።

ችግሩ የእኛ ሁኔታ ነበር። ሌሎች አጋሮች በየቤታቸው ናቸው፤ እኔና እሳቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ነን። ማንም አያየንም፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሳል ይበቃል። እማማ ከመጀመሪያው ማክሰኞ በፊት ለክለቡ ዳይሬክተር ጽፈው በአንድ ቤት እንደምንጫወት አሳወቁ። ከዚያም እሳቸው መኝታ ክፍላቸው፣ እኔ ወጥ ቤት እንድሆን ወሰኑ። በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ደግሞ ከላይ ሬዲዮ ሲከፈት ሰማሁ፤ የክላሲክ ሙዚቃ ጣቢያ፣ ከወትሮው እጅግ ጮክ ብሎ። እሳቸው የሚጮኽ ሙዚቃ አይወዱም ነበር። ጆሯቸው ከድቷቸው እንደሆነ ብዬ ማታ ጠየቅኋቸው። «በጨዋታ መሐል እተነፍሳለሁ» አሉኝ። «መጥፎ እጅ ሲመጣ እንደምተነፍስ ባለቤቴ ነግሮኛል። አንቺ ደግሞ አተነፋፈሴን ታውቂዋለሽ።»

እኔ የሁለት ክፍል ርቀት አቋርጬ አተነፋፈሳቸውን የማዳመጥ ሥራ ያለኝ ሰው ነበርሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ያ ሙዚቃ በመካከላችን ይቆማል። በጣም አስቸግሮኛል። ለዚህ አንድ ስምምነት አደረግን፤ በአንገታቸው የሚንጠለጠል የጥሪ ደወል ሁልጊዜ እንዲያደርጉ።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ በአንድ ሐሙስ ደወሉ ጮኸ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልሁ ወጣሁ። ሬዲዮው እየጮኸ ነው። እማማ ከወንበራቸው ተንሸራትተው ምንጣፉ ላይ፣ ጀርባቸውን አልጋው ጎን አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንድ ጫማቸው ወልቋል። ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ገልብጠው አቅፈውታል፤ መስታወቱ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ እኔ። ራሳቸውን እንደመቱ፣ የት እንዳመማቸው ጠየቅኋቸው፤ ዳሌያቸውንና እጃቸውን ዳሰስሁ፤ ዓይናቸውን አየሁ። አልተጎዱም። ላነሣቸው በብብታቸው ሥር እጄን ስሰድ ያ ታብሌት መካከላችን ነበር፤ ላስቀምጠው ብዬ ብይዘው አለቀቁም። «መጀመሪያ ዳይሬክተሩን ንገሪው» አሉ። «እጄን ልታዪ ትችያለሽ።»

አላየሁም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ታብሌቱን እንደ ተገለበጠ ትራስ ሥር አድርጌ አነሣኋቸው። ወጥ ቤት ወርጄ ለዳይሬክተሩ ጻፍሁ፤ ያንን ቦርድ በአማካይ ውጤት አለፈው። ቀጣዩን ቦርድ ተጫወትን። ሬዲዮው እንደ ጮኸ ነበር።

ደብተሩ

እማማ በ2022 ክረምት በ89 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው የእንጨት ማቆሚያውንና አንድ ካርቶን ሙሉ ደብተር ሰጠችኝ። እማማ ከጨዋታ መልስ ማታ ማታ ይጽፉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን እንደሚጽፉ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ብዙ ወራት ካርቶኑን ሳልከፍተው ቆየሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔን ግን የሚጠራው ነገር ምን እንደሚሆን ያስፈራኝ ነበር።

ስከፍተው መጀመሪያ የፈለግሁት የ2014ቱን ነው። ያችን ማክሰኞ አገኘኋት። አራቱም እጆች በቀጥተኛ ትንንሽ ፊደላቸው ተጽፈዋል፤ ስድስቱ ልብ፣ አራቱ ዳይመንድ፣ የእኔ ሁለት አስ። ከሥሩ ጨረታው፣ ከ«ፓስ» ካርዴ አጠገብ ደግሞ «ረጅም» የሚል አንድ ቃል። ከዚያም ውጤቱ፤ 420 ቅናሽ።

ገጹ ግን በዚያ አላበቃም። ከታች በተለያየ ቀንና በተለያየ ብዕር የተጻፈ ዝርዝር አለ። የስድስት ሰዎች ስም መነሻ ፊደል፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ጥሪ። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ተጫዋች አጋሩ በመዘግየቱ ተጠቅሟል ተብሎ ሲከሰስ ዳይሬክተሩ የሚያደርገው ነገር ነው። ያንኑ እጅና ያንኑ ጨረታ በችሎታ ለሚመጥኑት ሰዎች ያሳይና፣ ስለ መዘግየቱ ሳይነግራቸው «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመካከላቸው የሚያልፍ ሰው ካለ ማለፍ እውነተኛ ምርጫ ነበር ማለት ነው፤ ሁሉም 5 ልብ ካሉ ግን ማለፍ የሚባል መንገድ አልነበረም፣ 5 ልብ ማለትም አያስወቅስም።

እማማን የከሰሳቸው ሰው አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት የክለቡን አባላት ለየብቻ ጠይቀዋል። መኪና ውስጥ የነገሩኝ እርግጠኛ ይመስል ነበር፤ ደብተሩ ግን እርግጠኛ እንዳልነበሩ ይናገራል። እኔ በልቤ የጠየቅሁትን፣ ያለ አግባብ አልፌ ይሆን? አጋሬን በከንቱ አክስሬያት ይሆን? የሚለውን፣ እሳቸውም ጠይቀውት ነበር፤ እኔ ከቂሜ ጋር ሳስቀምጠው እሳቸው ወጥተው መልሱን ፈልገውታል። አራቱ «5 ልብ» ብለዋል። ሁለቱ «ፓስ» ብለዋል። ከሁለተኛው «ፓስ» ሥር እማማ መስመር አስምረው «ማለፍ ነበረብኝ» ብለው ጽፈዋል።

ከስድስቱ በላይ፣ በዝርዝሩ አናት ላይ፣ ከሁሉም በፊት የተጻፈ ሌላ ፊደል አለ። የእኔ ስም መነሻ ነው። መጀመሪያ ሊጠይቁኝ ያሰቡት እኔን ነበር፤ ግን አጠገቡ ጥሪ የለም፣ በቀጭን መስመር ተሰርዟል። ያን ዕለት ምን እንደያዝሁና ምን ያህል እንደቆየሁ የማውቅ ሰው ነበርሁና ልጠየቅ አልችልም ነበር።